ሁለቱ ደንገል በሮች

መሪጌታ ኅሩይ ቢሯችን የመጡ ዕለት ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ የደረቀ ጭቃ ይዞ ነበር። ከጀልባ ወርደው ከተማው ውስጥ አድረዋል፤ ግን የሚቀይሩት ሌላ ልብስ አልያዙም። በሩ ላይ ቆመው እጅ ነሥተው ሰላም ካሉን በኋላ የባሕሩን ወደብ የሚያሠራው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። በጣና ዙሪያ መንገድና የጀልባ ወደብ የት የት ይሠራ የሚለውን የሚያቅድ መሥሪያ ቤት ባሕር ዳር ውስጥ ነበር፤ እኔ እዚያ ቀያሽ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ አምስት አልሞላም። አባቴ ከወሎ መጥቶ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆኖ የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ ያደግሁት ዓባይ ማዶ ነው። ቅየሳ አብረን ከተማርነው መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። መሥሪያ ቤቱ ከገባሁ በኋላ መስክ የሚወጡት ወንዶቹ ሆኑና ለእኔ የቀረልኝ ካርታ ማባዛትና ቀለም መቀባት ሆነ። ቴዎዶላይት የምንለውን፣ በሦስት እግር ላይ ቆሞ ማዕዘን የሚለካውን መነጽር፣ በየሳምንቱ አቧራውን እጠርግለታለሁ፤ ተሸክሜው የወጣሁበት ቀን ግን አልነበረም።

ኃላፊያችን ጓድ ታምራት ለመሪጌታ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበትና የሚቸኩል ሰው ነበር። መሪጌታ የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ። አገራቸው ታች ደንገል በር ትባላለች፤ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ከቁንዝላ ወደ ደልጊ ሲኬድ መሐል ላይ ያለች መንደር ናት። ፊት ለፊቷን ባሕሩ ታንኳ በሚሠራበት ረጅም የውኃ ሣር፣ በደንገል፣ ተዘግቷል። በጎንና በጎኗ ረግረግ ነው። ክረምት ሲገባ ሰው እንዳይታመም ፈጣሪውን ይለምናል፤ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ጭቃውን እየዋኙ፣ ጀልባ የሚቆምበት ቦታ እስኪደርሱ ቀኑ ይመሻል። ባለፈው ክረምት ምጥ የጠናባት አንዲት ወጣት ረግረጉ መሐል ሞታለች። ስለዚህ ወደብ ይሠራልን ብሎ ሕዝቡ ልኳቸዋል።

ጓድ ታምራት ተነሥቶ ትልቁን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጣቱን በምዕራቡ ዳርቻ ላይ አስኪዶ አንድ ቦታ ላይ አቆመው። “ደንገል በር” ይላል ጽሑፉ። ከጎኑ ወደብ መኖሩን የሚያሳየው ሰማያዊ ምልክት አለ።

“አባቴ፣ የእናንተ ወደብ ከተሠራ እኮ ቆይቷል” አላቸው። ከዚያም ወደብ ላለው መንደር ሌላ እንደማይሰጥ፣ ከመድረሻ የራቀው እንደሚቀድም፣ ይህም ለሁሉም እኩል እንዲዳረስ ታስቦ የወጣ ደንብ መሆኑን አስረዳቸው።

መሪጌታ ምልክቷን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

“እንግዲያው ያሳዩንና እንሳፈርበት” አሉ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ አገራቸውን “ታች” ደንገል በር ያሉት ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ላይ ደንገል በርም ስላለ ነው አሉኝ። በአጥንትም በስምም አንድ ናቸው፤ ድሮ ከአንድ ቦታ የተነሡ ሰዎች ናቸው ሁለቱንም ያቀኗቸው። ላይኛው ደልጊ አጠገብ ነው። መንግሥት ኮንክሪት ያፈሰሰበት፣ ጀልባው የሚቆምበት ወደብ እዚያ ነው።

ካርታው ላይ ደንገል በር የሚል ስም አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የታችኛው። ወደቡን የሠሩት ሰዎች “ደንገል በር ተሠርቷል” ብለው ሪፖርት ልከዋል። ወረቀቱን ዋና ከተማ የተቀበለው ሰው ካርታው ላይ ያገኘው አንድ ደንገል በር ነውና ምልክቷን እዚያ አሳረፋት። በዚህ ማንንም ተንኮለኛ ብዬ አላውቅም። የከፋው ግን ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት ለኮሚቴው የሚቀርበውን አዲስ ዕቅድ ቀለም የምቀባው እኔ ነበርሁ፤ ዕቅዱ ደግሞ ደልጊ አጠገብ ምንም ወደብ የሌለው ሰፊ ዳርቻ ስላለ እዚያ አዲስ ወደብ ይሠራ ይላል። ያ ዳርቻ ላይኛው ደንገል በር ነው። ወደብ ላላቸው ሰዎች ሁለተኛ ሊሠራ፣ የሌላቸው ደግሞ አላችሁ ተብለው ሊቀሩ ነበር።

ይህንን ለጓድ ታምራት አስረዳሁት። ፊቱ ተለወጠ፤ ሆኖም የአንድ ሰው ቃል ይዞ ኮሚቴ ፊት እንደማይቆም ነገረኝ። ካርታው ከላይ የመጣ ነው። ካርታን የሚያርመው ልኬት ነው። ቀያሾቹ በሙሉ ሌላ አውራጃ መስክ ላይ ናቸው፤ ኮሚቴው ደግሞ በሚመጣው ዓርብ ይሰበሰባል።

“እኔ አለሁ አይደል” አልሁት።

እኔን አየ። መሪጌታንም አየ። ከዚያ ቁጭ ብሎ የጉዞ ፈቃዴን በእጁ እየጻፈ፣ “ሰኞ ጠዋት ጀልባው ይነሣል” አለኝ። “ሐሙስ ማታ እዚህ ካልደረስሽ ዕቅዱ እንዳለ ይቀርባል። ከጸደቀ ወዲያ እኔም አንቺም ምንም አናደርግም።”

እናቴ እሑድ ማታ ምግብ አልበላችም። ባሕር፣ ረግረግ፣ ወባ፣ ሴት ልጅ ብቻዋን፤ የፈራችውን ሁሉ በየተራ ነገረችኝ።  ጠዋት ስነሣ ግን አባቴ የሥራ ካፖርቱን አጣጥፎ ከሻንጣዬ ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁት።

ሰኞ ከመሪጌታ ጋር ተሳፈርን። ቴዎዶላይቱን በሳጥኑ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የሄድሁት። ቁንዝላ አድረን ማክሰኞ ረፋዱን ወደ ላይኛው ደንገል በር ደረስን። የኮንክሪቱ መድረክ እነሆ፣ የጀልባው ገመድ የሚታሰርበት የብረት ቀለበት እነሆ፤ ሁሉም እንዳሉት ነው። ካርታው ላይ ይህ ቦታ ባዶ ነበር።

ልኬቱን እዚህ ላይ ላስረዳችሁ፤ ነገሩ ቀላል ነው። ቦታቸው በካርታው ላይ በትክክል የታወቁ ሦስት ከፍታዎች መርጬ ነበር፤ በሰሜን ምሥራቅ የጎርጎራ ኮረብታ፣ ባሕሩ መሐል የዳጋ ደሴት ጫፍ፣ ከኋላዬ ከአለፋ ተራሮች አንዱ። ከቆምሁበት ቦታ ሦስቱንም በመነጽሩ አይቼ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን እለካለሁ። ከዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሦስት መስመሮች በዚያው ማዕዘን እሥላለሁ። ወረቀቱ ካርታው ላይ ተደርቦ፣ እያንዳንዱ መስመር በየራሱ ተራራ ላይ እስኪያልፍ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ሦስቱም ሲገጥሙ መስመሮቹ የሚነሡባት ነጥብ እኔ የቆምሁባት ቦታ ናት። አንዱ ተራራ ጎድሎ በሁለት ብቻ አይሆንም።

የዚያን ዕለት አየሩ ጥሩ ስለነበር ሦስቱም ታዩኝ። ዳጋ ሴት የማትረግጠው ደሴት ነው። ዛፎቹን በመነጽሩ ውስጥ አንድ በአንድ እያየሁ፣ እግሬ የማይደርስበት ቦታ ለሥራዬ ምስክር ሲሆነኝ ደስ አለኝ። ጀልባው ጭነቱን አራግፎ ሳይጨርስ ልኬቱን ደጋግሜ ጨረስሁ።

ካፒቴኑ ነጭ ፂም ያለው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከጎርጎራ ሲመለስ በታች ደንገል በር ፊት ለፊት እንደሚያልፍ ነገረን። የሚያልፈው ግን ራቅ ብሎ ነው፤ ደንገሉ የሞተሩን መዘውር ስለሚጠላልፈው አይጠጋም። በታንኳ ወጥተን ከጠበቅነው ይቆምልናል። ካላየን ይሄዳል። ሌላ ጀልባ እስከሚቀጥለው ሳምንት የለም።

ከዚያ ወደ ታችኛው ደንገል በር መንገድ ጀመርን። መሪጌታ ሲነግሩን የሰማሁትን ረግረግ አሁን በራሴ እግር አወቅሁት። ገና ግንቦት ነው፤ ክረምቱ አልገባም፤ ቢሆንም ጭቃው አንዳንድ ቦታ ወገቤ ድረስ ዋጠኝ። ሊቀበሉን የመጡ የመንደሩ ሰዎች የቴዎዶላይቱን ሳጥን በሽተኛ በሚሸከሙበት ቃሬዛ ላይ አስረው፣ እንዳይረጥብ ከትከሻቸው ከፍ አድርገው ያዙት። አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁሉም አማተቡ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ያረፍሁት ወይዘሮ አገር ከሚባሉ ሴት ቤት ነው። እግሬን በሙቅ ውኃ አጥበው፣ ዓሣ ወጥ አቅርበው አበሉኝ። ረግረጉ ላይ የሞተችው የእሳቸው ልጅ መሆኗን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። 

“ወደቡ የሄደችውን ይመልስልኛል ብዬ አይደለም” አሉኝ። “ታናሿ ደግሞ ከብዷታል። ሐምሌ ላይ ነው የምትወልደው።”

ታናሺቱ ማዶ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

ረቡዕ ማለዳ ወደ ሥራዬ ወጣሁ። ችግሩን ያየሁት መሣሪያውን ሳቆም ነው። የመንደሩ ከፍተኛ ቦታ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ዙሪያውን ግን ትልልቅ ዛፍ ስለሆነ ባሕሩ አይታይም። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም። ወደ ዳርቻው ስወርድ ደግሞ ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ እንደ ግድግዳ ከለለኝ። የአለፋውን ተራራ አያለሁ፤ ጎርጎራና ዳጋ ከደንገሉ ጀርባ ናቸው።

ይህንን ለመሪጌታ ነገርኋቸው። የትኞቹን አቅጣጫዎች ማየት እንደሚያስፈልገኝ ጠየቁኝና በእጄ አሳየኋቸው። ወደ መንደሩ ተመለሱ። ወዲያው ደወል ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ ሕዝቡ ማጭድ እየያዘ መጣ፤ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም። ውኃው ውስጥ ገብተው፣ እኔ በእጄ ባሳየኋቸው ሁለት መስመሮች ደንገሉን ማጨድ ጀመሩ። የታጨደውን እያሰሩ ለታንኳ ሥራ ወደ ዳር ይጎትቱታል። ወይዘሮ አገር ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ከፊተኞቹ መካከል ነበሩ። አንዷ ዘፈን አነሣች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እኔ ዳር ላይ ቆሜ በመነጽሩ እየተመለከትሁ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እላለሁ። ከዚያ በፊት ቃሌን ሰምቶ አንድ ሰው እንኳ አንድ እርምጃ የተንቀሳቀሰበት ቀን በሕይወቴ አላስታውስም።

ከረፋዱ በኋላ የመጨረሻው የደንገል ግድግዳ ሲወድቅ ሁለት ቀጥ ያሉ የውኃ መንገዶች ተከፈቱ። በአንደኛው ጎርጎራ ታየ፤ ደብዘዝ ቢልም ይለካል። በሁለተኛው ግን ውኃና ነጭ ሰማይ ብቻ ነበር። ዳጋ የለም። የግንቦት ጭጋግ ባሕሩ ላይ ተኝቷል።

ጠበቅን። ሰዉ እንደ ረጠበ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ እኔን ያያል፤ እኔ ነጩን ሰማይ አያለሁ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች፤ ጭጋጉ አልተነሣም። በልቤ ብዙ ነገር ተመላለሰ። በግምት ልጻፈው? ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን ይህን መንደር እዚህ ያደረሰው በግምት የተቀመጠ ምልክት ነው። መሪጌታ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። አይሳካልንም ይሆን ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ፤ እሳቸው ግን ስለ ወሎ ጠየቁኝ፤ የአባቴ አገር የትኛው እንደሆነ፣ እናቴ በሕይወት እንዳለች። 

ከዚያ ነፋስ ተነሣ። ከምዕራብ ጥቁር ደመና በተራሮቹ ላይ ሲወርድ አየን፤ ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ እንደ ጠጠር ወረደብን። ሰዉ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔ መሣሪያውን ካነሣሁት እንደገና ማስተካከሉ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ የአባቴን ካፖርት አልብሼው፣ በሁለት እጄ አቅፌው ቆምሁ። ወይዘሮ አገር ከኋላዬ መጥተው በሌላ በኩል አቀፉት።  ውኃው በጀርባዬ ገብቶ በእግሬ ይወጣል።

ዝናቡ ድንገት እንደ መጣ ድንገት ቆመ። ቀና ስል አየሩ ታጥቧል። በከፈቱልኝ የውኃ መንገድ ጫፍ፣ ባሕሩ መሐል፣ ዳጋ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

እጄን በወይዘሮ አገር ነጠላ አደረቅሁት። እሳቸውም መነጽሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። አየሁ፣ ለካሁ፣ ጻፍሁ። አዙሬ እንደገና ለካሁ። ቁጥሮቹ ገጠሙ። ሦስተኛውን እየለካሁ ሳለ ከሰሜን በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ።

የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ሳጥኑ ተዘጋ፤ ወረቀቶቼን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኋቸው። ለማየት ብለን የከፈትነው መንገድ ለታንኳ ይበቃ ስለነበር፣ ከዳርቻው ቀጥ ብለን ወደ ባሕሩ ወጣን። ያን ያህል ዘመን ደንገሉን ዙረው ይወጡ የነበሩት ሰዎች ታንኳቸው በቀጥታ ሲሄድ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ በአንዱ ታንኳ፣ ሳጥኑ ታስሮ ከፊቴ፤ መሪጌታ በሌላኛው። ከደንገሉ ስንወጣ ዝናቡ ያስነሣው ማዕበል ተቀበለን። ዋና አልችልም። ታንኳዋ ወደ ላይ ስትወጣ ጀልባውን አየዋለሁ፤ ስትወርድ ውኃ ብቻ ነው። ቀዛፊው ተረጋጊ፣ ደንገል አይሰጥምም ይለኛል። መሪጌታ ዳዊት ሲደግሙ በነፋሱ ውስጥ ቆራረጥ እያለ ይሰማኛል።

ጀልባው አለፈን። እውነቴን ነው፤ ጎኑን አሳይቶን ሲሄድ አየሁ። በዚህ ጊዜ መሪጌታ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ በዚያች በምትናወጥ ታንኳ ላይ ቆመው፣ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ዘረጉት። ነፋሱ ሞላው። የእሳቸውን ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ተቀመጡ እያለ ይለምናቸዋል፤ እሳቸው አልሰሙትም። ጋቢው እንደ ሸራ ተወጥሮ ቆየ። የሞተሩ ድምፅ ዝግ አለ፤ ከዚያም ጀልባው ዘወር ማለት ጀመረ።

መጀመሪያ ሳጥኑን አቀበልሁ። ቀጥሎ እኔን በሁለት ክንዴ ይዘው ሳቡኝ። ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ ያየው ግን እኔን አልነበረም፤ ከደንገሉ መሐል እስከ መንደሩ የተከፈተውን መንገድ ነበር። ይህ መቼ ነው የተከፈተው ብሎ መሪጌታን ጠየቃቸው። “ዛሬ ጠዋት” አሉት። ሌላ አልጠየቀም፤ ለእኔ ሙቅ ሻይ አዘዘልኝ።

ሐሙስ ባሕር ዳር ገባን፤ ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አንድ ሻምበል ነበሩ። ጓድ ታምራት ዕቅዱን ካቀረበ በኋላ፣ አንድ ጉዳይ ላይ ቀያሻችን ታስረዳለች ብሎ ተቀመጠ። የአገሩ ትልቅ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየኛል። እግሬ ላይ ያለው የረግረግ ጭረት ገና አልዳነም። ሁለቱን ስስ ወረቀቶች ይዤ ወደ ካርታው ሄድሁና ታሪኩን በአጭሩ ነገርኋቸው።

አንድ የኮሚቴ አባል ሰነዱ ከበላይ አካል የመጣ መሆኑን አስታወሰ። ሌላው መሣሪያውም ልጅቷም ሊሳሳቱ ይችላሉ አለ። ሻምበሉ ወደ እኔ ዞሩና ለዚህ ምን መልስ አለሽ አሉኝ።

“ጓድ ሻምበል፣ እኔን አይመኑኝ” አልኋቸው። “እርስዎ ራስዎ ይግጠሙት።”

ወረቀቱን በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሦስቱን ተራሮች ካርታው ላይ አሳየኋቸውና ወደ ኋላ ተመለስሁ። ወታደር ናቸው፤ ካርታ ያውቃሉ። ካፖርታቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። በኮንክሪቱ መድረክ ላይ የለካሁትን ወረቀት ካርታው ላይ አድርገው አንሸራተቱት፤ አንዱ መስመር ሲገጥም ሌላው ይወጣል፤ እንደገና ያስተካክላሉ። አዳራሹ ውስጥ የወረቀቱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሦስቱም መስመሮች በሦስቱ ተራሮች ላይ ሲያልፉ ነጥቧን በመርፌ ወጉ። ወረቀቱን ሲያነሡት መርፌዋ ያረፈችው ደልጊ አጠገብ፣ ካርታው ምንም የለም ባለበት፣ አዲሱ ወደብ ይሠራበት በተባለው ቦታ ላይ ነበር።

“እዚህ ምን አየሽ?” አሉኝ።

“ወደብ። ኮንክሪትና የብረት ቀለበት።”

ሁለተኛውን ወረቀት አነሡ። እሱ ቶሎ ገጠመላቸው። መርፌዋ በሰማያዊው የወደብ ምልክት ላይ ተተከለች።

“እዚህስ?”

“ደንገል። ከደንገሉ ጀርባ ደግሞ ሰው።”

ሻምበሉ ቀና ብለው ልጅቷም ልትሳሳት ትችላለች ያለውን ጓድ ጠሩትና መጥተህ አንተም ሞክረው አሉት። መጣ። ሞከረ። መርፌው እዚያው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር አልነበረም። አዲሱ ወደብ ታች ደንገል በር እንዲሠራ፣ ካርታውም እንዲታረም ተወሰነ። ሻምበሉ ሰው ሁሉ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ጨመሩ፤ በዚህ ካርታ ላይ ያሉት ሌሎቹ ምልክቶችስ በቦታቸው ለመሆናቸው ምን ማረጋገጫ አለን አሉ። ሁላችንንም በየተራ አዩን። “እንግዲያው ይህች ልጅ ዙራ ትያቸው” አሉ።

መሪጌታ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወጥቼ እንደ ተሳካ ነገርኋቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። ጓድ ታምራት ያየውን እንዳላየ ሆኖ የዓይን መነጽሩን ይጠርግ ጀመር። ማታ ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች፤ አባቴ ካፖርቱን ተቀብሎኝ ጭቃውን እያየ ሳቀ። ሲስቅ ብዙም አላየውም ነበር።

ወደቡ ተሠርቶ እስኪያልቅ ጊዜ ወሰደ፤ ክረምቱ ማለፍ ነበረበት። የታጨደው መንገድ ግን አልተዘጋም፤ መንደርተኛው በየጊዜው እያጸዳ አቆየው። ካፒቴኑም ከዚያ ወዲህ በዚያ ሲያልፍ ወደ ዳርቻው ማየት ጀመረ። ሐምሌ ላይ፣ ወይዘሮ አገር ለጀልባው ምልክት እንዲሆን ነጭ ጋቢ ከፍ አስደርገው፣ ታናሺቱን ልጃቸውን በታንኳ እስከ ጀልባው አደረሷት። ባሕር ዳር ሆስፒታል ወንድ ልጅ ወለደች። ልጠይቃት በሄድሁበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

እኔም ከዚያ በኋላ ካርታ ቀቢ ሆኜ አልቀረሁም። በጣና ዙሪያ ያለውን እያንዳንዱን ወደብ፣ ድልድይና መንገድ ከባልደረቦቼ ጋር እየቆምሁበት ለካሁ። ከቦታቸው የወጡ ሌሎች ምልክቶችም አገኘን፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ “አላችሁ” ተብሎ የተረሳ ሰው ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይህ ሥራዬ ሆነ። ወጣት ቀያሾችን ሳስተምርም ከሁሉ በፊት የምጠይቃቸው እዚህ ቦታ ላይ ማን ቆሟል የሚለውን ነው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ስለ ፍትሕ ስናወራ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው እንፈልጋለን። እኔ በዚያ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው አላገኘሁም። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ የራቀው ይቅደም ይል ነበር። ግን ማን እንደ ራቀ የሚነግረው ካርታ ስለተሳሳተ ጥሩው ደንብ ራሱ ሰው በደለ። ስለዚህ በሰፈራችሁ የሌለ ነገር አለ ተብሎ ከተጻፈባችሁ ዝም አትበሉ፤ ሂዱና ተናገሩ። እናንተም ጠረጴዛው ወዲህ ያላችሁት፣ ጭቃ የነካው ልብስ ለብሶ የሚመጣውን ሰው አስቀምጣችሁ ስሙት፤ ከዚያ ጫማችሁን አድርጋችሁ ሂዱ።

ወደቡ ተመርቆ ጀልባው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ የሚሄድ ዕለት ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። ሥራ ስለነበረብኝ አልተሳፈርሁም፤ ለማየት ብቻ ነው የሄድሁት። ቲኬት ቆራጩ እንደ ሁልጊዜው ከጀልባው ደረጃ ላይ ቆሞ፣ በሰዉ ጫጫታ መሐል ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቆምባቸውን ቦታዎች ጠራ።

“ዘጌ፤ ቁንዝላ፤ ታች ደንገል በር፤ ላይ ደንገል በር፤ ጎርጎራ።”

ልጅ አዝላ የቆመች አንዲት ሴት ዕቃዋን አነሣችና፣ እኔ ታች ደንገል በር ነኝ እያለች ወደ ጀልባው ገባች።